የኤልሳቤት አራተኛ ማመልከቻ

ለሰፈሩ ነዋሪዎች በሙሉ ይታወቅ ዘንድ፣ ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኤልሳቤት ዘርሁን አንድ ኪሎ ቲማቲም፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርትና አንድ እስር ቆስጣ ገዝታ በሰላም ወደ ቤቷ ገብታለች።

ሌላ ሰፈር ቢሆን ይህ ወሬ አይሆንም። እኛ ግቢ ግን ወሬው ከኤልሳቤት ቀድሞ ደረሰ። አከራያችን እትዬ የወይንሐረግ በረንዳ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር፤ ስነግራቸው እጃቸው ቆመ።

"ቲማቲም?"

"ቲማቲም።"

"ስንት?"

"ኪሎ።"

ምስሩን ወደ ጎን አደረጉት።

ኤልሳቤት ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና በምታጠናበት ሰሞን ወጥ አትሠራም። ወጡን እናቷ ከፋብሪካ ስትመለስ እንደምንም ትሠራዋለች፤ ልጅቷ በሻይና በብስኩት ነው የምትውለው። ስለዚህ ቲማቲም የገዛ ሰው ወጥ ሊሠራ ነው። ወጥ የሚሠራ አያጠናም። የማያጠና አያመለክትም። ማመልከቻው የሚዘጋው ደግሞ ዓርብ ነበር።

"እንግዲያ ዘንድሮ ልትተወው ነው ማለት ነው?" አሉ እትዬ የወይንሐረግ። በድምፃቸው ውስጥ አንድ ነገር ነበረ። ያን ጊዜ ድንጋጤ ነው ብዬ ወሰድኩት።

እኔ ሀብተወልድ እባላለሁ፤ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነኝ። ሥራዬ ማን ከማን ቀደመ የሚለውን ማወቅ ነው፤ የቀረውን ሰዎች ሳልጠይቃቸው ይነግሩኛል። የምንኖረው ሰበታ ነው። በወረቀት ሸገር ከተማ ሆነናል፤ ረዳቶቹ ግን እስካሁን "ሰበታ! ሰበታ!" እያሉ ነው የሚጣሩት፣ ተሳፋሪውም የሚገባው ለዚያ ነው። እትዬ የወይንሐረግ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ቤት ይኖሩበታል። ከካዛንቺስ ከመጡ ብዙ ዓመት ሆናቸው፤ አሁንም አዲስ አበባ ሲሄዱ "ቤት ደርሼ ልምጣ" ይላሉ። ከኋላ ባሉት ሰርቪስ ክፍሎች ሁለቱን ዘርሁንና ሚስቱ ተስፋነሽ ከልጃቸው ከኤልሳቤት ጋር ተከራይተዋል። ከዱራሜ ነው የመጡት፤ እሱ ፋብሪካ ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ እሷ እዚያው ጆንያ ትሰፋለች። ከበሩ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል የኔ ናት። ኦቦ ገርባ ደግሞ ተከራይም አከራይም አይደሉም። አጥር ተጋሪያችን ናቸው፤ ግቢው የቆመበት መሬት ድሮ የሳቸው የገብስ ማሳ ነበር። ማሳውን ሸጡት እንጂ መግባቱን አልሸጡም። በየማለዳው "አከም ቡልተኒ?" እያሉ ይገቡና ኤልሳቤት ስኳራቸውን እስክትለካላቸው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ።

ኤልሳቤት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ዋናው መንገድ ዳር ያለ ክሊኒክ ትሠራለች። ግቢው ግን የሚጠራት "ዶክተር" እያለ ነው። ስሙ የወጣላት ገና ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው፤ የኦቦ ገርባን ጣት መጥረቢያ የቆረጠው ጊዜ ሳትጮህ ያሰረችው እሷ ነበረች። ሌሎቻችን እንጮህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሞክራለች። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ አንደኛ ምርጫዋ ሕክምና ነበር፣ የደረሳት ላቦራቶሪ ሆነ። ያን ቀን እትዬ የወይንሐረግ ዶሮ አረዱ። "ላቦራቶሪ ከሌለ ዶክተር እኮ ጠንቋይ ነው" ብለው ኦቦ ገርባ አጽናኑን። ከተመረቀች በኋላ ዲግሪ ላላቸው በሚሰጠው ፈተና ተፈተነች። ጽሑፉን አልፋ በቃለ መጠይቁ ቀረች። "ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ?" ብለዋት ብዙ ዝም አለች አሉ። ኦቦ ገርባ በማግሥቱ እርጎ ይዘው መጡ፤ ስለ እርጎው ብቻ አወሩ። በሦስተኛው ተጠባባቂ ተባለች። ስለዚህ ግቢው በሙሉ ተጠባባቂ ሆነ። ዘርሁን ስልኩን ከቻርጀር አልነቅል አለ፤ ተስፋነሽ ልብስ ስታጥብ እንኳ ሬዲዮ አታስከፍትም ነበር፣ ሲደወል ሳይሰማ እንዳይቀር ብላ። አልተደወለም።

በዚህ ሁሉ "ወደቀች" የሚል ቃል ከግቢያችን ሰው አፍ ወጥቶ አያውቅም። "ዘንድሮ ሰው በዛ" እንላለን። "ኮታ ነው" እንላለን። ኦቦ ገርባ "ወንበር አነሰ" ነው የሚሉት፤ የጎደለው የቤት ዕቃ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ አድርገው።

እኔም ዝም ብዬ አይደለም የምቆረቆርላት። አንድ ሰሞን ሳል ይዞኝ ብርድ ነው እያልኩ ዝንጅብል ስጠጣ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ በሬን አንኳኳችና ትንሽ ዕቃ ሰጠችኝ። "ጋሽ ሀብቴ፣ እዚህ ውስጥ አክታህን" አለችኝ። ሳንባዬ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ወር መድኃኒት ስውጥ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት በየማለዳው በሩ ላይ ቆማ "አፍህን ክፈት፣ ልየው" የምትለኝ እሷ ነበረች። ዛሬ ጭኜ የማስወጣው ታክሲ ሁሉ በሷ ትንፋሽ ነው የሚወጣ። ይህን ነግሬያት አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይባልም። "ዶክተር፣ እንዴት አደርሽ" ይባላል።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። አመሻሹ ላይ ዘርሁን ወደ ክፍሌ መጣ። ትልቅ ሰውነት ያለው ሰው ነው፤ ሲጨነቅ ግን እንደ እንግዳ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

"ሀብቴ፣ ኤልሲ ነገ ዕረፍቷ ነው። ቡራዩ ሶፊ ጋ ልትሄድ ነው።"

ሶፊ የኤልሳቤት የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት። ያን ጊዜ ሕክምና የደረሳት እሷ ነበረች፤ አሁን ዶክተር ናት፣ የእውነቱን።

"ጥሩ ነዋ።"

"አብረሃት ሂድ።"

"ምን ልሠራ?"

"ምንም። ሶፊ የምትላትን ስማና ንገረኝ።"

"ልጅህ አይደለች እንዴ፣ ራስህ አትጠይቃትም?"

"እኔማ አባቷ ነኝ" አለ።

"ተስፋ እንዳታስቆርጣት ፈርተህ ነው?" አልኩት።

ዘርሁን የጫማውን ጫፍ ብዙ አየው። "አዎ" አለ ቆይቶ። "እሱን ነው።"

ለሱ ነገሩ ቀላል አይደለም። ከዱራሜ ሲደውሉለት "የዶክተር አባት" ነው የሚሉት። ሊያርማቸው ሞክሯል፤ ግን መስመሩ ይቆራረጣል ይላል። ተስፋነሽ በበኩሏ ባለፈው ወር ሱሉልታ ካለው የጸሎት ቦታ ሄዳ ስትጾም ስትጸልይ ሰንብታ መጣች።

"ስለ ኤልሲ ነው የጸለይሽው?" አልኳት።

"ስለ ኤልሲ ነው።"

"እንድታልፍ?"

"ጌታ የሚሻላትን ያውቃል" አለችና ወዲያው የሱሉልታን ብርድ ማማት ጀመረች።

ሐሙስ ጠዋት ከኤልሳቤት ጋር ተሳፈርን። ለምን እንደምከተላት "ቡራዩ በርበሬ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከአየር ጤና ተነሥተን ጦር ኃይሎች እስክንደርስ በመስኮት ስታይ ቆየች።

"ጋሽ ሀብቴ።"

"አቤት ዶክተር።"

"ሦስት ጊዜ ስመለስ አንድ ሰው እንኳ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።"

"ምን ብለን እንናገርሻለን?"

"እትዬ ያን ጊዜ ዶሮ አረዱ። ዶሮ የሚታረደው ላለፈ ሰው ነው።"

"ዶሮዋ ለማን እንደታረደች በምን አወቀች?"

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አስኮ ሳንደርስ አለቀ። "አባዬ ጫማ ሳይቀይር የኔን መጽሐፍ ገዛ። ኦቦ ገርባ ለቃለ መጠይቅ ስሄድ መርቀው የሸኙኝ ቆመው ነው፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው። ታዲያ ይህን ውለታ በምን እመልሰዋለሁ?"

"ማን መልሺ አለሽ?"

"ማንም። ለዚህ እኮ ነው የከበደኝ" አለች። "ካላመለከትኩ ሁሉንም 'የለፋችሁት ለከንቱ ነው' ያልኳቸው ይመስለኛል።"

ቡራዩ ስንደርስ ሶፊ ገና ከአዳር ተረኛነቷ መመለሷ ነበር። ሶፋ ላይ ጋቢ ተከናንባ፣ ሻይዋን በሁለት እጇ ይዛ ተቀበለችን፤ ለመነሣት ሞክራ አልሆነላትም። እኔን "ጋሼ ይቀመጡ" ብላ ጥግ ላይ ካለች ወንበር አስቀመጠችኝ። ከዚያ ሁለቱ እኔን ረሱኝ። ሥራዬ ስለሆነ አልተቀየምኩም።

"ነገ ይዘጋል አይደል?" አለች ሶፊ።

"ነገ አሥራ አንድ ሰዓት።"

"ታዲያ?"

"አንቺን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ይህን ሁሉ ብታውቂ ኖሮ ትገቢበት ነበር?"

"አዎ" አለች ሶፊ፣ ሳታስብ። "አንዳንድ ቀን አለቅሳለሁ። ደሞዙን ተይው። እንቅልፍ ቢጨምሩበት ግን ደስ ብሎኝ እሠራለሁ። በሽተኛ አልጋው ላይ ቀና ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ እሱን እወዳለሁ። አንቺስ ምኑን ነው የምትወጂው?"

ኤልሳቤት ቃለ መጠይቁ ላይ ዝም ያለችው እንዲህ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ብዙ ቆየች።

"ሶፍዬ፣ አትስቂብኝ።"

"የምስቅበት ጉልበት የለኝም።"

"እኔ ማይክሮስኮፑን እወደዋለሁ። ጠዋት ስላይዱን አስቀምጬ ዐይኔን ሳስጠጋ መጀመሪያ ደብዛዛ ነው። ቀስ እያልኩ ሳዞረው ይጠራል። ያለው አለ፣ የሌለው የለም። ማታ ቤት ስገባ የእትዬን ግፊት እለካለሁ፣ ከኦቦ ገርባ ጋር በስኳራቸው እንጨቃጨቃለን፤ በድብቅ ማር ይበላሉ። ከዚያ ወጥ እሠራለሁ። ትናንት ቲማቲም ስገዛ ደስ አለኝ። በቲማቲም ደስ ይላል?"

"ኪሎ ስንት ገባ?" አለች ሶፊ፤ ኤልሳቤት በትራስ መታቻት።

"እንግዲያ ዶክተርነቱን የሚወደው ማን ነው?" አለች ሶፊ ትራሱን ከራሷ ሥር እያደረገች።

"ግቢው።"

"እንግዲያ ግቢው ያመልክታ!" አለች። ሌላም ልትጨምር ነበር መሰለኝ፤ አፏን እንደከፈተች እንቅልፍ ወሰዳት። ኤልሳቤት የሻዩን ብርጭቆ ከእጇ ቀስ አድርጋ ወስዳ፣ ጋቢውን እስከ አንገቷ ሳበችላት። ትንሽ ቆማ አየቻት። ቅናት ፊቷ ላይ አላየሁም፤ ሰው የሌላውን ሰርግ ሲያይ ያለውን ደስታ ነው ያየሁት።

ስንመለስ አየር ጤና ላይ ሰልፍ ይዘን ቆመን ሳለ እንዲህ አለችኝ፦

"አባዬ ማታ ይጠይቅሃል።"

"ምን?"

"ጋሽ ሀብቴ፣ በርበሬ ሳትገዛ ነው የተመለስነው።"

እጄን አየሁት። እውነቷን ነው።

"ተኝታ ነበር በለው" አለችኝ።

"ውሸት እኮ አይደለም።"

"ለዚህ ነው የመረጥኩት። ነገ አመለክታለሁ። ካለፍኩ እለምደዋለሁ፤ ሰው የማይለምደው የለም። ግን እነሱ የሰጡኝን ያህል እኔም አንድ ነገር ልስጣቸው።"

ማታ ዘርሁን በሩ ላይ ጠበቀኝ።

"ምን አለቻት?"

"ሶፊ ተኝታ ነበር።"

"ሙሉውን?"

"አብዛኛውን።"

"ምንም... ከባድ ነው፣ ይቅርብሽ ምናምን አላለቻትም?"

"አላለቻትም። ኤልሲ ነገ ታመለክታለች።"

"ጥሩ" አለ ዘርሁን። "ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ።" ሦስት ጊዜ ጥሩ ካለ በኋላ ደጃፉ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ራቱ ቀርቦ ሲጠሩት እንኳ ቶሎ አልተነሣም። ደስታ ነው አልኩ። እኔ ሰው አዋቂ ነኝ ብዬ ነው የምኖረው።

ዓርብ የሐምሌ ዝናብ ከእኩለ ቀን ጀምሮ አላባራ አለ። ሰበታ ውስጥ በኢንተርኔት የሚያመለክት ሰው የሚሄደው ሰልማን ጋ ነው፤ "ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ኦንላይን ምዝገባ" የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈበት ኮንቴነር አለችው፣ ከተራችን ማዶ። ሰልማን ጆሮው ላይ የሰካውን ሳይነቅል ነው ሰውን የሚያስተናግድ። ከሷ ጋር የምገባው እኔ ብቻ እሆናለሁ ብዬ ነበር። ስንገባ እትዬ የወይንሐረግ ቀድመው ተቀምጠዋል፤ "ጃንጥላ አልያዘችም ብዬ ነው" አሉ። ጃንጥላው አጠገባቸው ነው፣ እሳቸው ቀድመዋት መጥተው መንገድ ላይ እንዴት ሊደርሳት እንደነበር አልተናገሩም። ኦቦ ገርባ መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ መጥተው ነበር። ዘርሁን ከፈረቃው አስፈቅዶ፣ ዲግሪዋን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ በደረቱ ይዞ ገባ። ተስፋነሽ ነጠላዋን እያራገፈች ተከተለችው። ዝናቡ ወደ ውስጥ ሲረጭ ሰልማን የኮንቴነሩን በር ሳበው።

"ሁላችሁም ናችሁ የምታመለክቱት?" አለ።

"እሷ ናት" አሉ ኦቦ ገርባ በኩራት። "ዶክተራችን።"

"ዶክተር ከሆነች ለምን ታመለክታለች?"

"አንተ ጻፍ!" አሉት እትዬ የወይንሐረግ።

ጻፈ። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ። ዲግሪውን ከሁለቱ ፌስታል አውጥቶ ቃኘው። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"'ለምን ሐኪም መሆን ፈለጉ?' ይላል። በአጭሩ።"

ኤልሳቤት አፏን ከመክፈቷ በፊት ግቢው መለሰ።

"ሕዝቧን ለማገልገል በል" አሉ ኦቦ ገርባ።

"እሱን ዛሬ ያልጻፈ ሰው የለም" አለ ሰልማን።

"ከሕፃንነቷ ጀምሮ ርኅራኄ ያላት ስለሆነች በል" አሉ እትዬ የወይንሐረግ። "ርኅራኄን በሀሌታው ሀ እንዳትጽፈው።"

"ጌታ የጠራት ስለሆነ..." አለች ተስፋነሽ፤ ድምጿ ግን መሐል ላይ ቆመ።

"አባቷ የደከመላት ስለሆነ አትበል" አለ ዘርሁን። "እሱን አትጻፍ።"

ሰልማን ለሁላቸውም አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሰጣቸው። ኤልሳቤት ከኋላው ቆማ፣ በስክሪኑ ላይ ስለ ራሷ የሚጻፈውን እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ታነብ ነበር። ሲያልቅ ሰልማን ከወንበሩ ተነሣ።

"ያው። 'አስገባ' የሚለውን ራስሽ ተጫኚው።"

"አንተ አትጫንም እንዴ?" አለ ዘርሁን።

"እኔ ለሰው አልጫንም። ኋላ ሲወድቁ እኔን ነው የሚያሙኝ።"

ቃሉ ተባለ። ስንት ዓመት ስንዞረው የኖርነውን ቃል ይህ ልጅ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ እንደ ዋዛ ተናገረው። ማንም ወደ ማንም አላየም። እትዬ የወይንሐረግ ጃንጥላቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

ኤልሳቤት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጣቷን አስቀመጠች።

"በይ ልጄ" አለ ዘርሁን። "በጌታ ስም።"

ሰማዩ አንዴ ነጎደ። መብራት ጠፋ።

በሩ የተዘጋ ኮንቴነር ውስጥ መብራት ሲጠፋ ጨለማው ዐይን ይወጋል። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ ዝም አለ። የላፕቶፑም ስክሪን ጨለመ። ከቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

"ተመስገን" አለ አንድ ድምፅ። የእትዬ የወይንሐረግ ነበር።

"ገለታ ዋቃ" አሉ ኦቦ ገርባ በስተግራዬ፣ ከሆዳቸው።

"ጌታዬ ተባረክ፣ ተባረክ" አለች ተስፋነሽ። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁም።

ዘርሁን ተነፈሰ ብቻ፤ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ መጥቶ ሳይሰበር ያስቀመጠ ሰው እንደሚተነፍሰው። እኔም "እሰይ" አልኩ። በጣም ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ ግን ኮንቴነር ያስተጋባል።

ከዚያ ከወንበሩ ላይ፣ ለራሷ፣ እንደ ሹክሹክታ፦ "አቤት ጌታዬ፣ አመሰግንሃለሁ።"

ዝናቡ ወረደ።

"አይዟችሁ" አለ ሰልማን ከወደ በሩ። "ላፕቶፕ ነው። ባትሪ አለው።"

በጨለማው እጁን አሳልፎ አንዱን ቁልፍ ነካ። ስክሪኑ በራ፤ ብርሃኑ በቀጥታ ፊታችን ላይ አረፈ። ኦቦ ገርባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። እትዬ የወይንሐረግ ለማማተብ ያነሡት እጅ ግንባራቸው ላይ ቀርቷል። ተስፋነሽ ሁለቱንም መዳፎቿን ወደ ጣሪያው ዘርግታለች። ዘርሁን ፈገግታውን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ ይቸገራል።

ኤልሳቤት በወንበሩ ላይ ዞራ አንድ በአንድ አየችን። አባቷ ላይ ስትደርስ ቆየች። ከዚያ ዐይኗን ከሱ ሳትነቅል እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችና የላፕቶፑን ክዳን ከደነችው።